የስፖርት መኪና በበሬ ደንብ

የተጠየቀውን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ገንዘቡ የራሱ አይደለም፣ ወይ ሰውየው የከሚሴ ሰው አይደለም! ሦስተኛ ምክንያት አትፈልጉ። እኛ ዘንድ ዋጋ መከራከር ስስት አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ዋጋ ጠርቶ ዝም ብለው የከፈሉት ነጋዴ ያን ቀን ምሳ አይበላለትም... "ምን በድዬው ነው እንዲህ የናቀኝ?" እያለ ሲብሰለሰል ይውላል።

በዚህ ሙያ ደግሞ፣ ራሴን ማሞገስ ባልወድም (ኧረ እወዳለሁ!)፣ ከባቲ እስከ ጨፋ ሮቢት የሚስተካከለኝ ገና አልተወለደም። አንዴ ባቲ ገበያ ላይ ግመል ስከራከር፣ ማለዳ የጀመርነው ክርክር ፀሐይ አናታችን ላይ ሲደርስ፣ ግመሉ ራሱ ያን ረጅም አንገቱን ወደ ባለቤቱ አዙሮ "ኧረ በአላህ ስጠውና እንገላገል!" ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አታምኑም? ሄዳችሁ ግመሉን ጠይቁት።

ባለቤቴ ዘሃራ ይህን ታሪክ በሰማች ቁጥር ከንፈሯን ታጣምማለች።

"አንተ? ሽንኩርት ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩህ ዋጋ የሚጨምሩብህ ሰው አይደለህ እንዴ! 'ያ ሰውዬ መጣ፤ ሲያስቀንስ ደስ እንዲለው ትንሽ ከፍ አድርጉበት' ነው የሚባባሉት።"

ቅናት ነው፤ እለፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅ ጀማል፣ ለአባቱ አላህ ይዘንለትና እኔው ጋ ያደገ ልጅ ነው፤ የጨፋ ሮቢቱን ከብት ነጋዴ የሐጂ ኡስማንን ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ላክን፤ ሐጂ "እናስብበታለን" አሉ። ደግመን ላክን፤ "እያሰብንበት ነው" አሉ። እኝህ ሰውዬ ሲያስቡ የጨፋ ማሽላ ተዘርቶ ይታጨዳል! በመጨረሻ ግን እሺ አሉ። እሺታቸው ጅራት ነበረው።

"ልጄ በባጃጅ አትወጣም" አሉ። "ታላቅ እህቷ የወጣችው ሰው ከቤቱ ወጥቶ ባየው መኪና ነው። እሷም እንደዚያው። ባጃጅ ደጄ ላይ የቆመ እንደሆነ በሩን እዘጋለሁ፤ ኒካሁም ለከርሞ ይቆያል።"

ለከርሞ! ከሚሴን የሚያውቅ ጭንቀታችን ይገባዋል። ከኛ ከተማ ላይ ባጃጅ አንሱ ብትባሉ የሚተርፈው አህያና አቧራ ነው። ጀማል ያን ቀን ማታ እራቱን ትቶ ፊቴ ተቀመጠ። ፊቱ ዝናብ የራቀው በቆሎ መስሏል።

"አጎቴ፣ ምን ይሻለኛል?"

"ብላ!" አልኩት። "መኪናውን ለኔ ተወው። ሐጂ ኡስማን ሲያዩ ጥምጥማቸው የሚወልቅ መኪና አመጣለሁ፤ በነፃ በሚባል ዋጋ!"

ከአፌ ወጣ እንግዲህ።

መኪናዋ ኮምቦልቻ ተገኘች። ሙራድ የሚባል ወጣት ነው ባለቤቷ፤ ለሠርግ ያከራያታል። ሊያሳየን ከሚሴ ድረስ ይዟት መጣ። አንባቢዬ፣ ምን ልበልህ... የስፖርት አውቶሞቢል ናት፤ የቅንጦት። ከመጥቆሯና ከመንጸባረቋ የተነሳ ዝንብ ብታርፍባት ተንሸራታ ትወድቃለች። ሞተሯ ሲነሳ አይጮህም፤ ስድብ እንደዋጠች አማት "እምምም" ይላል። ልቤ ቀጥ አለች። ግን ፊቴ ላይ አንዲት ነገር አላሳየሁም። የበሬ ገበያ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነዋ፤ ልብህ የወደደውን አፍህ ይስደበው!

ሙራድ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ "ፋዘር፣ እንዴት ናት?" አለኝ።

"መጀመሪያ ፋዘር ማን እንደሆነ እንተዋወቅ" አልኩት። "ለቀኑ ስንት ነው?"

ጠራ። የጠራውን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ከአንባቢዎቼ መካከል ልብ ሕመምተኛ አይጠፋም። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መኪናዋን መዞር ጀመርኩ። እኛ አገር ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ነገር ከዞረ ክርክር ሊጀመር ነው ማለት ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ወጣ። የማያገባው ሰው ሁሉ ገባበት። ጎማዋን በጫማዬ ነካ ነካ፣ ክዳኗን አስከፍቼ ጥርስ እንደሚያይ ሰው አጎነበስኩባት፣ ጎኗን መታ መታ...

"ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"አዲስ ናት ፋዘር።"

"አዲስ ናት? ታዲያ ሆዷ ምን ሆኖ ወረደ? ወልዳ ታውቃለች?"

ሕዝቡ ሳቀ። ሙራድ ግን አልሳቀም።

"የስፖርት መኪና እኮ ናት! ዝቅ ማለቷ ነው ውበቷ።"

"ውበት! ሆዱ መሬት የሚልስ ነገር ውበት ሲባል ዛሬ ሰማሁ! ጎበዝ፣ እንዲህ ያለች ላም ባቲ ብትወጣ ማን ይገዛታል?"

"ማንም!" አለ ሕዝቡ።

"ከዚህ እስከ ጨፋ ሮቢት ያለውን ጉብታ አይታችሁታል? ይቺ መጀመሪያው ጉብታ ላይ ነው ሰግዳ የምትቀረው!"

"ወላሂ አታልፍም!" አለ አንዱ፤ መኪናዋን ገና አሁን ያያት ሰው ነው።

ሙራድ ትንሽ ቀነሰ። እኔ መነጽሩን ሰደብኩ። ሌላ ትንሽ ቀነሰ። የመኪናዋን ቀለም "ሐዘን የገባት" አልኩ። ቀነሰ! ወንበሯን "ሰው የሚቀመጥበት ነው ወይስ የሚቀበርበት?" አልኩ። ቀነሰ! አንባቢዬ፣ ያን ጊዜ ከኔ በላይ ማን ነበር? ዘሃራ ሽንኩርቷን ታቅፋ ብትመጣና ብታየኝ አልኩ።

በመጨረሻ ሼህ ይማም መሃላችን ገቡ። ሼህ ይማም የከብት ገበያችን ዳኛ ናቸው፤ ሹመት የላቸውም፣ ያላቸው ዕድሜና ምላስ ነው። ሻጭና ገዢ ሲቀራረቡ የሁለቱን እጅ ይዘው ያጋጥማሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አለቀ። የኔንና የሙራድን እጅ ያዙ። ሙራድ እጁን ሳብ አደረገ።

"በዚህ ዋጋ እሺ" አለ። "ግን አንድ ነገር አለኝ። ጉብታ አታልፍም፣ ሆዷ መሬት ይነካል ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔው ራሴ ነኝ የምነዳት፤ ሆዷ ጉብታ ከነካ እዚያው አዙሬ ኮምቦልቻ እገባለሁ። ቀብዱም አይመለስም።"

"ይሁንልህ!" አልኩ። ምን ሰምቼው! ጆሮዬ ውስጥ ያለው ዋጋው ብቻ ነው።

ሼህ ይማም እጄን እንደያዙ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"ደንቡን ታውቃለህ አይደል? ገዢ በአፉ የተናገረውን ነውር፣ እጅ ከተመታ በኋላ ምክንያት አያደርገውም። አንካሳ ነው እያልክ የገዛኸው በሬ ቢያነክስ ማንን ትከሳለህ?"

"አውቃለሁ ሼህዬ! ዱዓዎን ያድርጉ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ!"

ዱዓ ተደረገ፤ አሚን ተባለ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሙራድ ሐሳቡን እንዳይቀይር። እኛ ጋ ከአሚን በኋላ ሰማይ ቢወድቅ እንኳ መጀመሪያ ተከፍሎ ነው የሚሸሸው።

ቤት ገብቼ በድል ሳወራ ዘሃራ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንዲት ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ጉብታ አታልፍም ካልክ፣ ጉብታ ካልነካች ብለህ እንዴት ተስማማህ?"

"አንቺ ዋጋውን አትሰሚም?"

"ሰማሁ" አለች። "በዚህ ዋጋ ቆማ ነው የምትውለው።"

የሠርጉ ቀን ደረሰ። አጃቢው በባጃጅ ታጭቆ፣ ከሐጂ ደጅ ርቆ እንዲወርድ ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጥቶት፣ ቀድሞ ሄደ። እኛ በመኪናዋ ሆንን። ከኋላ ጀማል ሙሽራው፣ ሚዜው ሰይድና ሼህ ይማም፤ ከፊት ሙራድና እኔ። ፊት መቀመጫውን የወሰድኩት በጉልበት አይደለም፤ "የተደራደረ ፊት ይቀመጣል" የሚል ደንብ ያን ጠዋት ስላወጣሁ ነው። ደግሞ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አይባልም፤ መውደቅ ነው። ከወደቅሁ በኋላ ጉልበቴ ከጆሮዬ ጋር ሰላም ተባባለ።

ከከተማው ወጣ እንዳልን የመጀመሪያው ጉብታ መጣ። ሙራድ ቀስ አለ። በጣም ቀስ አለ። ኤሊ በቀኛችን አለፈችን ብል ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ብዙም አልዋሸሁም። ከዚያ ከሥራችን...

ጭርርርር!

ቀጥ አለ። ወርዶ ተንበርክኮ አየና ተመልሶ በመስኮቴ በኩል ቆመ።

"ፋዘር፣ ነካ።"

"አልነካም!"

"ነካ እኮ!"

"ሰላም አለችው እንጂ አልነካችውም!"

"ሰምተናል ልጄ" አሉ ሼህ ይማም ከኋላ። "ነካ።"

ሙራድ ገብቶ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ። እውነቱን ነው፣ ውል ነው። ያን ጊዜ ከኋላዬ "አጎቴ..." የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጀማል ነው። በዚህ ድምፅ የጠራኝ ልጅ ሳለ አባቱ መቼ እንደሚመለስ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነበር። እዚያ ማዶ ሐጂ ኡስማን በሩን ይዘው ቆመዋል፤ እዚህ ያለው ባጃጅ ብቻ ነው፤ ኒካሁ ለከርሞ!

"ሼህዬ፣ ኧረ ይፍረዱን!" አልኩ።

"እፈርዳለሁ። ነውሯን ማን ተናገረ?"

"እኔ።"

"እጅ ማን ሰጠ?"

"እኔ።"

"አሚን ማን አለ?"

"ሁላችንም!"

"አንተ ግን ጆሮ እስኪደነቁር ነበር።" ሼህ ይማም ወደ ሙራድ ዞሩ። "ልጄ፣ ሐቁ ያንተ ነው፤ ብትመለስ የሚወቅስህ የለም። ግን ሠርግ ነው። ጭነት አቅልለን አንዴ ብንሞክርስ?"

ሙራድ ጀማልን በመስታወቱ አየው። ልብ አለው ልጁ፤ መነጽሩ ነው የሚያስጠላው። "አንዴ ብቻ" አለ። "ከዚህ በኋላ አንዲት ጭረት ከሰማሁ ሙሽራ አላውቅም።"

መጀመሪያ ሰይድ ወረደ። ሰይድ ማለት ነፋስ ሲነሳ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ የሚይዝ ዓይነት ልጅ ነው። ሙራድ አጎንብሶ አየ።

"ምንም።"

ጀማል ወረደ።

"ምንም።"

ሼህ ይማም ወረዱ። እሳቸው ሲወርዱ እንኳን መኪናዋ፣ የተቀመጡበት ወንበርም አላወቀም።

"ምንም! ኧረ እንዲያውም የወረደች መሰለኝ።"

እኔ አልወረድኩም። እንዴት እወርዳለሁ? አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ውሉን መጠበቅ አለበት። ፊት ለፊቴን እያየሁ ጠበቅሁ። ዞር ብል... አራት ሰው በመስኮቱ እያየኝ ነው።

"ምንድን ነው?" አልኩ።

ሼህ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እስኪ አንተም ወርደህ ትንሽ ነፋስ ተቀበል።"

"እኔ አልሞቀኝም።"

"አጎቴ፣ በአላህ!" አለ ጀማል።

መውረድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጀማል አንድ እጄን፣ ሰይድ ሌላውን ያዙ፤ ሰይድ ሁለቴ ወደ ውስጥ ገባብኝ። በሦስተኛው ወጣሁ። እናም መኪናዋ... አንባቢዬ፣ ግመል ተጭና ተንበርክካ፣ ጭነቷ ሲወርድላት ብድግ ስትል አይተህ ታውቃለህ? ልክ እንደዚያ ብድግ አለች! "እፎይ" ያለችም መሰለኝ። ሙራድ እጁን በሥሯ አስገባና ቀና ብሎ አየኝ።

"ፋዘር፣ አሁን ድመት ታሳልፋለች።"

የወረዱት ሁሉ ተመልሰው ገቡ። ያለ እኔ ጉብታውን እንደ ቅቤ አለፈችው፤ ማዶ ቆማ ጠበቀችኝ። ተሻግሬ ገባሁ፤ ማለቴ ወደቅሁ። ቀጣዩ ጉብታ ላይ ወረድኩ፤ ተራመድኩ፤ ወደቅሁ። ደግሞ ሌላ ጉብታ። የጨፋ ገበሬ ጥጃው እንዳይገጭበት በየደጁ ጉብታ ሠርቷል፤ ያለው ጥጃ ሁሉ ይደግለት፣ እኔ ግን ያን ቀን አንዲትም ጥጃ ስታቋርጥ አላየሁም! ስወጣ ሁለት ሰው ጎትቶ፣ ስገባ ሁለት ሰው ገፍቶ፣ አዲሱ ሱሪዬ የት ጋ እንደሆነ በማልናገረው ቦታ ተተረተረ። በመጨረሻ መግባትና መውጣቱ ከመንገዱ በላይ ስላደከመኝ "ተዉኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ቀስ እያላችሁ ተከተሉኝ" አልኳቸው።

በሉ አስቡት። የቦርከና ሸለቆ ፀሐይ አናቴ ላይ፤ እኔ በሱፍ ልብስ መሃል አስፋልት፤ ከኋላዬ ያቺ ጥቁር መኪና "እምምም" እያለች፤ ውስጧ ሦስቱ መንገደኞች አየር ማቀዝቀዣ ተከፍቶላቸው ተቀምጠው። ማሽላው ውስጥ የነበረ አንድ ሽማግሌ ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ወጣና በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

"አካም ኦልተኒ! ምነው ኦቦ፣ መኪናው ተበላሸ?"

"ፈያ፣ ደኅና ነን፤ አልተበላሸም! እየመራኋት ነው!"

"ወይ ጉድ" አለና መኪናዋን በሐዘኔታ አያት። "ዓይኗ አያይም?"

አጃቢዎቻችንን አድርሰው የሚመለሱት ባጃጆች ደግሞ በዚያች ሰዓት ደረሱ። የመጀመሪያው አየን፤ አለፈን፤ ቆመ፤ ዞረና ወደ መጣበት ወደ ጨፋ ሮቢት መልሶ በረረ። ተሳፋሪ አልያዘም፤ ወሬ ብቻ ይዞ ነው። ሁለተኛውም ተከተለው። ለካስ የተናቀው ባጃጅ ለወሬ ሲሆን አውሮፕላን ነው!

ሐጂ ኡስማን ደጅ ስንደርስ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ሽማግሌዎቻቸውን አሰልፈው ቆመዋል። መኪናዋን አዩ። ደግመው አዩ። የጢማቸው ጫፍ በደስታ ከፍ ሲል እኔም በልቤ "አልሃምዱሊላህ" አልኩ። ከዚያ እኔን አዩ፤ ፊቴ ተቀቅሎ የወጣ ሥጋ መስሏል።

"አንተ ምነው በእግርህ?"

ምላስ ያለው ሰው አይጠፋም ይላሉ! ጎንበስ ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ።

"ሐጂ፣ የእርስዎን ልጅ ለመውሰድ ተቀምጦ መምጣት ነውር መስሎኝ ነው። ለክብርዎ ከከሚሴ ጀምሮ በእግሬ መጣሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ሱብሃነላህ!" አሉ። "እንዲህ ያለ አክባሪ ቤተሰብ ጠፍቷል እኮ ስንል..." ብለው ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ። ልክ ያኔ ከግቢው ውስጥ እልልታው ተነሣና የሙሽሪት ዘመዶች ጭብጨባውን አስቀደሙ፦

"ሆዷ መሬት ላሰ ብሎ ሲያማት ከርሞ፣
እሱ ሲወርድላት ቀና አለች ደግሞ!"

ሐጂ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። መኪናዋን አዩ። እኔን አዩ። ቁልቁል ሆዴን አዩ። ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አይ፣ አለቀልን፣ ተቆጡ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ግንቡን ተደግፈው በሳቅ ጎናቸውን ይዘዋል።

"ክፈቱ!" አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ። "ክፈቱላቸው፣ በአላህ! ልጅቱን ውሰዱ፤ ይህን ሰውዬ ግን በየጁምዓው አምጡልኝ!"

ኒካሁ ታሰረ። ተበላ፤ ዘፈኑ አሥር ጊዜ ተደገመ፤ በየድግግሞሹ እኔ ላይ አዲስ ግጥም ተጨመረ። ከዚያ ሙሽሪት ወጣች፤ ማሻአላህ! ጀማል ፊቱ በራ። ገቡ። ሙሽሪት፣ ጀማል፣ ሰይድና የሙሽሪት አክስት። ለኔ የሚተርፍ ቦታ አልነበረም፤ ቢኖርም ሙራድ በሩን ከውስጥ ቆልፎት ነበር። መኪናዋ የሐጂን ደጅ ጉብታ ድምፅ ሳታሰማ አልፋ ሄደች። እኔም እዚያው ቆሜ እስክትሰወር አየኋት፤ እውነት እውነት ቆንጆ መኪና ናት።

ሐጂ ለሙሽሮቹ አንዲት ጊደር ሰጡ፤ በራሳቸው አይሱዙ ትጫንና አንተም አብረህ ሂድ ተባልኩ። አራት ሰው ከታች ገፍቶ፣ ሁለት ሰው ከላይ ስቦ ወጣሁ። ሾፌሩ ጊደሯን ገመዷን እንደያዘ ቆሞ ያየኛል።

"ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?"

"ምን አገባህ?"

"በየት በኩል እንደማስራት ልወቅ። ሚዛኑ ካልተጠበቀ ኩርባው ላይ ያዘነብልብኛል።"

ደጁ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ወደኛ ተጠጋ። ሴቶቹ ጭብጨባቸውን አቆሙ።

"ሰማንያ አምስት" አልኩ።

"ኧረ ጋሼ!"

"ዘጠና።"

"እባክዎ ይጨምሩ።"

"ዘጠና ስምንት፤ የመጨረሻ ዋጋዬ ነው!"

"ይጨምር! ይጨምር!" አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። ሐጂ ኡስማንም አሉበት። በሕይወቴ ወደ ላይ ስከራከር የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። "መቶ አምስት!" ብል ጊደሯ እንኳ ፊቷን አዞረችብኝ።

"ጋሼ፣ የሰው ነፍስ ነው የምጭነው" አለ ሾፌሩ። "ወላሂ ይበሉና ይንገሩኝ።"

ወላሂ ከተባለ ክርክር የለም።

መቶ ሃያ ስድስት ኪሎ ነኝ።